የቀረው ስታድግ

ልጅ ሳለሁ በዓለም ላይ እንደ አያቴ የሚያናድደኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስል የሚሰማኝ ሁሉ ይደነግጣል፤ ስለ አያት ሲወራ ነገሩ ሁሉ ማር ማር ማለት አለበትና። የእናቴ አባት አባባ ዳና ግን ተረት ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አልነበሩም፤ አቅቷቸው ወይም ረስተውት ቢሆን ባልከፋኝ፣ ሆን ብለው ነበር። እኔ ደግሞ የተጀመረ ነገር ካላለቀ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። ይኸው አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ያንን አንድ ተረት እስከ መጨረሻው አልሰማሁም።

ቤታችን አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ነበር። አባቴ ከጎጃም ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ የሒሳብ መምህር ነው፤ እናቴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ልጅ ናት። አባባ ዳና በወጣትነታቸው ከጋሞ ደጋ ወርደው ላንቴ ላይ ሙዝ የተከሉ ገበሬ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እናታችን እኔንና በሁለት ዓመት የሚበልጠኝን ወንድሜን ተስፋዬን ሙዝ ሊጭን በሚሄድ መኪና ላይ አሳፍራ እሳቸው ዘንድ ትልከን ነበር። ያኔ ላንቴ መብራት አልነበረም። ሲመሽ አባባ ቢንቢው እንዲሸሽ እርጥብ ቅጠል እሳቱ ላይ ይጥሉና ቤቱን በጢስ ይሞሉታል፤ እኛም ዓይናችን እያነባ፣ ያልበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ ፍሙ ውስጥ ቀብረን እስኪጠበስ እየጠበቅን፣ ኩራዙ ግድግዳው ላይ የሚጥለውን የአባባን ትልቅ ጥላ እያየን እንቀመጣለን። የጎረቤት ልጆችም ይመጣሉ። ከዚያ አባባ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ሁልጊዜ ያንኑ ተረት ይጀምራሉ።

አንዲት የደጋ ሴት ልጇን ጠራችና በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ነገር ሰጠችው። «ይህን ሐይቁ ዳር ላለው አጎትህ አድርስ፤ መንገድ ላይ እንዳትፈታው» አለችው። ልጁ ጥቅልሉን ብብቱ ሥር ይዞ ቁልቁል ወረደ። ጅብ አገኘውና «ምንድን ነው የያዝከው?» ቢለው «አላውቅም» አለ። ጅቡም «የያዘው ሰው ያላወቀውን ነገር እኔ ብበላው ሆዴን ምን እንደሚያደርገው ማን ያውቃል» ብሎ መንገዱን ለቀቀለት። ልጁ ወረደ፣ ወረደ፣ ኩልፎ ደረሰ። ወንዙ ሞልቷል። ልጁ ዳር ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አባባ ዝም ይላሉ።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«የቀረው ጥርስህ ሲቀየር ነው» ይላሉ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። ይህንን ብለው እኛን ጥርሳችን ያልተቀየረውን ወደ መደብ ያባርሩናል፤ ጥርሳቸው የተቀየረው እሳቱ ዳር ይቀራሉ።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት አይወራም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የራሱን ድርሻ ለታናሹ ያቀበለ ልጅ የሚቀጥለውን አይሰማም። በዚህ በሁለተኛው ሕግ ምክንያት የተስፋዬ ጥርሶች ከእኔ በፊት መውለቅ ሲጀምሩ ሕይወቴ ተመረረ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ የአባባን ድምፅ እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይለይም። ተስፋዬ ሊተኛ ሲመጣ ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ያወቀ ሰው ኩራት ይነበባል። ብለምነው፣ የተጠበሰውን ሙዜን ብሰጠው፣ ብቆነጥጠው ወይ ፍንክች። «ገና ነሽ» ይለኛል። በዘጠኝ ዓመቱ።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፊት ጥርሴን በክር አሰርኩና የክሩን ጫፍ ከበሩ ጋር ቋጠርኩት፤ ከዚያ በሩን በእግሬ ዘጋሁት። ጥርሱ የመነቃነቅ ሐሳብ አልነበረውም፤ የወለቀው በሦስተኛው ነው። ደሜን እየዋጥኩ፣ ጥርሱን እንደ ሌላ ልጅ ጣሪያ ላይ ሳልወረውር በማስረጃነት መዳፌ ውስጥ ጨብጬ እስኪመሽ ጠበቅኩ። እሳቱ ሲነድ ከተስፋዬ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ። አባባ ኩራዙን አንስተው አፌን አስከፈቱኝና ውስጡን እንደ በሬ ገዢ መረመሩት።

«አንድ ነው» አሉ። «እሺ፣ የአንድ ጥርስ ያህል ልንገርህ።»

ኩራዙን ቦታው መለሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውኃው ጎደለ» አሉ።

ጠበቅኩ። ፍሙ ብቻ ነው የሚንጣጣው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ሌላ ጥርስ ሲወልቅ ሌላ ይመጣል።»

ተስፋዬ እየሳቀ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ያን ማታ ያለቀስኩት ልቅሶ ከጥርሱ ሕመም አልነበረም፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ደም ከፍሎ «ውኃው ጎደለ» የሚል ቃል ብቻ ይዞ የተኛ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ጥርሶቼ ያለ ክርክር ተቀየሩና ሁለተኛውን ክፍል ሰማሁ። ልጁ ወንዙን ተሻገረ። የጥቅልሉ ቅጠል መንገድ ላይ ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ፈርቶ፣ ሳይፈታው ከላዩ አዲስ ቅጠል ደረበበት። ሐይቁ ዳር ሲደርስ አጎቱ አገር ለቆ ሄዷል፤ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ልጁ ጥቅልሉን ይዞ ወደ እናቱ መመለስ አፈረ፤ እዚያው እርሻ ተቀጥሮ ቀረ፤ ጺም አበቀለ። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ የመጣች ልጃገረድ ቀና ብላ አየችው።

«የቀረው ስታገባ ነው» አሉ አባባ።

«ስንት ነው ጠቅላላው?» አልኩ፤ የሒሳብ መምህር ልጅ ነኝና።

አባባ ጣታቸውን አጠፉ። ጥርስ ሲቀየር አንድ፤ ሲያገቡ ሁለት፤ ሲወልዱ ሦስት። አራተኛውን ጣታቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። «የመጨረሻው እናትህን ስትቀብር ነው።»

ጥቅልሉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚታወቀው በመጨረሻው ክፍል ነው ማለት ነው። ተስፋዬ ወርቅ ነው ብሎ ወስኖ ጨርሷል። እኔ ግን ባዶ ሆኖ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ብቻ ሆኖ እንዳይገኝ እፈራ ነበር፤ ይህን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ቤት በተመለስን በማግሥቱ ምሳ ቀርቦ ቤተሰቡ ሁሉ እንደተቀመጠ እናቴን እንዲህ አልኳት።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትሞቺው?»

የአባቴ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሳቀች፤ ዓይኗን እየጠራረገች ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። «እኚህ ሰውዬ ልጆቹን ምን እያስተማሯቸው ነው?» አለ። እናቴም «መጠበቅ ነዋ» አለችው።

ኋላ ሳህን ስናጥብ እናቴ የራሷን እናት በልጅነቷ ስለቀበረች መጨረሻውን እንደምታውቅ ትዝ አለኝና መወትወት ጀመርኩ። «እኔ ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። «እናት ልትነግረው የማትችለው ነገር ነው፤ አስቢው እስኪ፤ ጊዜው ሲደርስ እኔ የለሁም።» ከዚያ ውኃውን ደፋችና «እኔም እንዳንቺ ቸኩዬ ነበር፣ ሙሉዬ። ስሰማው ባልሰማሁት አልኩ፤ ተረቱ ከፍቶ ግን አይደለም» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም እያወቀ እኔን ያስጠብቀኛል።

ምናልባት ይህ ሁሉ ብሽቀት ይሆናል ኋላ ሳይኮሎጂ ያስመረጠኝ። ዛሬ እዚሁ ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሰው ልጅ ዕድገት የሚባለውን ትምህርት አስተምራለሁ፤ ከጽንስ እስከ እርጅና። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። አንዱ ሊቅ ሕይወትን በስምንት ደረጃ ይከፍላታል፤ ሌላው የልጅን አእምሮ በአራት። ወደ እርጅናው ስንመጣ ደግሞ ሊቃውንቱ አይስማሙም፤ አንደኛው ሰውነት እንደ ባጃጅ ጎማ በአገልግሎት ብዛት ያልቃል ይላል፤ ሌላው የለም፣ ስንወለድ ጀምሮ ውስጣችን የተሞላ ሰዓት አለ ይላል። ያረጀ ሰው ከሰው መሸሽ ተፈጥሮው ነው የሚልም አለ፤ እኚህ ሊቅ አባባ ዳናን ከላንቴ ገበያ ለማስቀረት ሞክረው ቢሆን ኖሮ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ እየጻፉ ቀና ይሉና «መምህርት፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይሉኛል። እርጅና ይመጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ከሃያ ዓመት ልጅ በቀር ማንም አይደፍርም።

ከሁሉ የምትቆጨኝ የመጨረሻዋ ሳጥን ናት። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው በሙሉ እዚያች ውስጥ ይታጨቃል። እዚያ የደረሰ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ሕይወቱን ይመዝናል፤ ወይ ይረካል ወይ ይጸጸታል። ይህን ዓይኔን ሳላሽ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ያልቻለ ሰውስ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ያገባሁ ሳምንት ባሌን አስከትዬ ላንቴ ሄድኩ። ሰው ለምርቃት የመጣሁ መሰለው። ባሌም «እኔም አግብቻለሁ፤ ልስማ» ብሎ ከጎኔ ቢቀመጥ አባባ «የመጀመሪያውን ሰምተሃል?» አሉት። አልሰማሁም አለ። «እንግዲያው አንተ ከጥርስ ትጀምራለህ» ብለው ውጭ ካሉት ሕፃናት ጋር አስቀመጡት። ሦስተኛው ክፍል አጭር ነበር። ሰውዬው ያችን ልጃገረድ አገባ። ጥቅልሉ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ፤ ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ይደርብበታል። ሚስትየው «ምንድን ነው?» ትላለች፤ እሱ «አላውቅም» ይላል፤ እሷ አታምነውም። ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ተጣሉ። አንድ ቀን ሰውዬው እርሻ ሳለ ጥቅልሉን አወረደችና እጇን ገመዱ ላይ አደረገች።

«የቀረው ስትወልድ።»

«ያላገባ ሰውስ፣ አባባ?» አልኩ፤ ያን ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ ያላገቡ ነበሩ። «ያልወለደስ? የእሱ ተረት የት ላይ ይቆማል?»

«ለእሱ ሌላ ተረት አለ።»

«ምን የሚል?»

«አንተ አግብተሃል፤ ምን ያደርግልሃል?»

ስወልድ፣ ልጄ ገና አርባ ቀን ሳይሞላት ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። እናቴ አበድሽ ወይ ብላ አብራኝ መጣች። አባባ ሕፃኗን ታቅፈው የሚስትየዋ እጅ ገመዱ ላይ እንዳለ ልጅ እንዳለቀሰባት ነገሩኝ፤ ልጁን ልታነሳ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜ አላገኘችም። ልጆች አደጉ። ጥቅልሉ ቅጠል በቅጠል ላይ እየተደረበበት የበግ ግልገል አከለ። ሰውዬው ሸበተ። አንድ ዓሣ አጥማጅ አጎትህ ከአባያ ሐይቅ ማዶ በሕይወት አለ ብሎ ቢነግረው ጥቅልሉን ተሸክሞ በጀልባ ተሻገረ። አጎትየው በጣም፣ በጣም አርጅቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሲያየው «ስጠብቅህ ነበር» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። አባባም እንደዚያው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሕፃኗን መለሱልኝ። የቀረው መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እናቴ አጠገቤ ነበረች። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከዚያስ?» አላልኩም።

እናቴ ባለፈው ዓመት ሞተች።

አባባ ቀብሩ ላይ ነበሩ። የእናቴ የአክስት ልጅ በላይነሽ፣ ላንቴ አብራቸው እየኖረች የምትጦራቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ አምጥታቸው ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ መርሳት እንደጀመሩ እናቴ ትነግረኝ ነበር፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይጠይቁኛል ትለኝ ነበር። እኔ የእርጅና አስተማሪዋ «ይጠበቃል» ብያት አልፌዋለሁ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው የሄድኩት። ተስፋዬ አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ «በስልክሽ ቅጂልኝ፤ የኔም እናት ነበረች» ብሎኛል። ኀዘን ላይ ሆኜ እንኳ ያ የቆየ ቅንዓት ብልጭ አለብኝ፤ በመጨረሻ ከእሱ ቀድሜ ልሰማው ነው።

አባባ ማንጎው ጥላ ሥር፣ ሙዙ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሳሙኝ። «እናትህ ደህና ነው?» አሉኝ።

 የእናቴ ሞት ራሱ መግቢያዬ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ እንደ ጥርሱ ማስረጃ ማቅረብ አለብኝ። «አባባ፣ እናቴን ቀብሬያታለሁ» አልኩ።

ቀስ ብለው አዩኝ። ፊታቸው መጀመሪያ ምንም አላሳየም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ቀብሩ ላይ እንደዚያ አላለቀሱም። በጋሞኛ ስሟን እየጠሩ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ለምን ሳይነገረኝ እያሉ አለቀሱ። በላይነሽ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ሲደክማቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔም ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ሞኝነቴ ግን አለቀቀኝም። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሄድኩ። በራሳቸው ጊዜ ተረቱን ጀመሩልኝና ደስ አለኝ፤ ልጁ ወረደ፣ ጅቡን አገኘ፣ ኩልፎ ደረሰ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ዳር ላይ ተቀመጠ። ዝም አሉ።

«ከዚያስ?»

«የቀረው ጥርስህ ሲቀየር ነው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ አግብቻለሁ። ወልጃለሁ።» እጃቸውን ያዝኩ። የቀረውን ላለማለት ምላሴን ነከስኩ፤ ግን አመለጠኝ። «እናቴን ቀብሬያለሁ።»

እንደገና ፊታቸው ፈረሰ። ከዚህ በፊት ያልሰሙት አዲስ መርዶ ነበር።

ስወጣ በላይነሽ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሴትየዋ ቁጣ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አልማረችኝም። «ሙሉ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ቀን እህል አይቀምሱም፤ ምክንያቱን የሚያውቁ እንዳይመስልሽ፤ ለምን እንዳዘኑ ይረሱታል፤ ኀዘኑ ግን ይቀመጣል። ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

ተረት ልላት አፈርኩ።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ እየነደደኝ ነበር። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በእሳቸው፣ በእናቴ፣ በዚያ ሰንጠረዥ። አንድ ሰው መጨረሻውን እንዲነግረኝ ልጁን በየሦስት ሳምንቱ እንደ አዲስ ልገድልበት ይገባል፤ ያውም ምናልባት እሱም ላያውቀው። እናቴ መጨረሻውን ይዛው ሄዳለች። የቀሩት አባባ ናቸው፤ አባባ ደግሞ ወንዙ ዳር ተቀምጠዋል። ላንቴን አልፈን ከተማ እስክንደርስ ሐሳቤን ጨረስኩ፤ ያንን ቃል ሁለተኛ አልናገረውም።

ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አላቆምኩም፤ ምንም ሳልጠይቅ ጥፍራቸውን እየቆረጥኩ፣ ሙዝ እየላጥኩላቸው እመለስ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ ገና ከላይ ሳለች፣ ድንገት እጅጌዬን ጎተቱኝ።

«ተረት ንገረኝ» አሉ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት አይወራም፣ አባባ።»

«ማን አለ?» አሉ፤ ድምፃቸው እውነተኛ ብስጭት ነበረው።

ምን ልበል። ጀመርኩ። ሴትየዋ፣ ጥቅልሉ፣ ጅቡ። ጅቡ ጋ ስደርስ እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሙኝ፤ የራሳቸውን ተረት እንደ አዲስ። ኩልፎ ደረስኩ። ልጁ ዳር ላይ ተቀመጠ። ዝም አልኩ፤ አፌ የለመደው እዚያ መቆም ነበር።

«ከዚያስ?» አሉ።

«የቀረው ጥርስ ሲቀየር ነው።»

አባባ ቀና አሉና አፋቸውን በሰፊው ከፈቱልኝ። አንድም ጥርስ የለም። «እይ፤ ሁሉም ወልቋል» አሉ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ጊዜ ነው ከልቤ የሳቅኩት። ሕጉ ሕግ ነው፤ የአንድ ጥርስ ሳይሆን የሠላሳ ሁለቱን ያህል ሰጠኋቸው። ውኃው ጎደለ፣ ልጁ ተሻገረ፣ ቅጠል ደረበ፣ አጎቱን አጣ፣ ልጃገረዷ ቀና ብላ አየችው።

«አግብተዋል?» አልኩ።

«አግብቻለሁ መሰለኝ» አሉ አስበው። «ጥሩ ሴት ነበር።»

ሦስተኛውን ነገርኳቸው። እጇን ገመዱ ላይ አደረገች። ከዚህ በኋላ ያለውን ጥያቄ ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ይጠብቁኛል።

«ወልደዋል?»

ሙዙን ለረጅም ጊዜ አዩት። 

«አንድ ልጅ አለኝ። ዛሬ አልመጣም።»

«አዎ» አልኩ። «ዛሬ አልመጣችም።»

አራተኛውን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ጀልባውን፣ ደጁን፣ ያረጀውን አጎት። «ስጠብቅህ ነበር» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ አልኩና እኔም ዘረጋሁ። አባባ እጅጌዬን አጥብቀው ያዙት።

«ከዚያስ?»

በዓለም ላይ ይህን መልስ ያውቃል ብዬ የማስበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱው ነው የሚጠይቀኝ። አርባ ዓመት ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ ተነሳብኝ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያውቁት» ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አየሁት። እውነተኛ ጉጉት ነበር፤ በሰባት ዓመቴ ጥርሴን ነቅዬ ሌሊቱን ያለቀስኩበት ጉጉት።

«የቀረው ሲያድጉ ነው፣ አባባ» አልኩ።

እንዲናደዱ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን እናደድ ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን ትንሽ አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ» አሉ። «አድጋለሁ።»

ወንበሩ ላይ ጋደም ብለው እዚያው አንቀላፉ። ጊዜ እንዳለው ሰው ነበር የተኙት። እኔ በሰባት ዓመቴም በዘጠኝ ዓመቴም፣ አግብቼም ወልጄም እንደዚያ ብዬ ተኝቼ አላውቅም። እናቴ ለአባቴ የመለሰችለት «መጠበቅ ነዋ» የሚለው ቃል የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ቢገባኝም ብሽቀቱ አልወጣልኝም፤ መጨረሻውን አሁንም እፈልገዋለሁ። ጥቅልሉ ባዶ ይሁን አይሁን አላውቅም። በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ ከጅቡ እንጀምራለን፤ አፋቸውን ይከፍቱልኛል፤ እኔም ያለኝን ሁሉ እሰጣቸዋለሁ።

«አድጋለሁ» ባሉበት ቀን ማታ ተስፋዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። «እሺ፣ ነገሩሽ? ምን ነበር ውስጡ?» አለኝ።

«ገና ነን» አልኩት።